ከቀይ የፍሬን መብራት ጋር እስከ ሞጣ

ሞጣን የማታውቁ የናዝሬት ሰዎች ብዙ ናችሁ። ግድ የለም፣ እኔ ሄጄላችኋለሁ። ይኸው ቁጭ ብዬ ስጽፍ በሕይወት መኖሬን አትጠራጠሩም፤ መንገድ ላይ እያለሁ ግን እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ተጠራጥሬ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔውኑ እንደተመለስኩ ልጽፈው ድፍረቱ አልነበረኝም። ደፋር ነኝ ብዬ ብዙ ቦታ አውርቻለሁ፣ እሱን ለጊዜው እርሱት።

ለማያውቀኝ፣ ታደለ ነኝ፣ የወፍጮ ሞተር አካሚው። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ጄኔሬተራቸው ቆሞባቸው አስጠርተውኝ። እንዲህም ሆኖ ሞተር ሲያስል ከሩቅ ሰምቼ የት ላይ እንደሚያመው እናገራለሁ። ጉራ ነው የሚሉ አሉ። ወፍጯቸው ሲቆም ግን በሬን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው።

ሞጣ ያለ አንድ ባለወፍጮ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶበት አዲስ ይዤለት እንድመጣ በሰው ላከብኝ። ይህን ጎረቤቴ እትዬ የሺ ሰሙ። እትዬ የሺ የሞጣ ተወላጅ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ናዝሬት እህታቸው ጋ መጥተው ሹራብ እየሠሩ ይሸጣሉ። አንድ ልጃቸው አንተነህ ግን እዚያው ሞጣ አጎቱ ጋ ቀርቶ ያርሳል። በዚያ ሰሞን ከሞጣ የመጣ ነጋዴ፣ አንተነህ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከጓደኞቹ ጋር ቀበሌ ግቢ ውስጥ እንደሚያድር ነገራቸው። መቼ እንደሚወስዷቸው የሚያውቅ የለም። ወዴት እንደሚወስዷቸውማ ማን ደፍሮ ይጠይቃል።

ቤቴ መጡ፣ ግቡ ብላቸው ከደጃፉ አላለፉም።

«ታደለ፣ መኪናህ ላይ ቦታ አለ?»

«ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ይሆናል?»

«ሳይወስዱት ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አፌ አያርፍምና «የእኔ መኪና እኮ መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም» አልኳቸው። በኋላ የመጣብንም ጣጣ ይኸው ነው፣ አልቆም ማለቷ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ከናዝሬት ደጀን

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። መኪናዬ አሮጌ ፒክአፕ ናት፣ ድሮ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበራት ረስቼዋለሁ። ከኋላ የወፍጮ ዕቃ፣ ከፊት እኔና እትዬ የሺ። እሳቸው ለልጃቸው የሠሩትን አረንጓዴ ሹራብ በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ከኋላ እናስቀምጠው ብል «ይበርደዋል» አሉኝ። ሹራቡን ነው።

በየኬላው የይለፍ ወረቀታችንን እናሳያለን። ወታደሩ ወረቀቱን ያገላብጣል። ወረቀቱ ትክክል ነው፣ እኔም ትክክል ነኝ። ግን ያን ጊዜ ትክክል መሆን ብቻውን ሰው አያስተኛም ነበር። እኔ ስፈራ ቀልድ ይመጣብኛል፤ ወታደር ፊት ቀልድ ሲመጣብኝ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። እትዬ የሺ ይህን ስለሚያውቁ ኬላ በደረስን ቁጥር ጎኔን በክርናቸው ይነኩኛል።

ፍቼ ላይ ምሳ በላን። ሽሮው ቀጠን ቢልም ትኩስ ነው፣ ለዚያ ብርድ ከዚያ ወዲያ ምን ይፈለጋል። ናዝሬት ሰው ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ግድግዳ ሲዞር ይውላል፣ እዚያ ደግሞ ፀሐይ ፍለጋ። አስተናጋጇ ከየት እንደመጣን ጠይቃ ከናዝሬት ስንላት «ይሄን ቀጭን ሸሚዝ ለብሰህ ነው ጎጃም የምትሻገር?» አለችኝና ሁለተኛ ጭልፋ ጨመረችልኝ።

ከዚያ አባይ በረሃ። ጎሃ ጽዮን ላይ መንገዱ የሚያልቅ ይመስላችኋል፤ ከእግራችሁ በታች ሌላ ሰማይ ይጀምራል። እኛ ገደል የምንለው የአዋሽን ዳር ነው፣ ቢወድቁበት ልብስ ይረጥባል። እዚህ ቢወድቁ የሚረጥብ ልብስ አይገኝም።

ቁልቁለቱን እንደጀመርን አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ዳሽቦርዱ ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ አለችና ጠፋች። የፀሐይ ነጸብራቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሌላ ጠመዝማዛ ላይ እንደገና በራች፣ ቀጥ ስንል ጠፋች። ስንታጠፍ ትበራለች፣ ቀጥ ስንል ትጠፋለች።

«ምንድናት እሷ?» አሉ እትዬ የሺ።

«ጌጥ ናት።»

«ጌጥ ከሆነች አንተ ምን ያልብሃል?»

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ያች መብራት የፍሬን ናት፣ ሥራዋም ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅ ከቀረ ትናገራለች። እጄን ሰድጄ ዳበስኩት፣ ተለቋል። ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይት ከልኩ ሲወርድ ትበራለች። ዘይቱ በትንሹ ሲጎድል መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፣ ያኔ ትበራለች። ሲረጋ ትጠፋለች። ስለዚህ ብልጭ ድርግም ስትል ትንሽ ችግር አለ እያለች አይደለም። ትልቁ ችግር ሊመጣ ነው እያለች ነው።

ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቼ አቆምኩ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ታኮ አደረግኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱ ከመስመሩ ወርዷል። የምጨምረው ደግሞ የለኝም። የሰው ሞተር ሳይጠይቀኝ ምክር የምሰጥ ሰውዬ፣ ለራሴ አንዲት ጠርሙስ አልያዝኩም። ይህን ለእትዬ የሺ መንገር አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

«እህ፣ ምን አለች?» አሉኝ ስገባ።

«ቀስ ብለህ ውረድ አለች።»

«እሷ ካንተ ትሻላለች።»

በአንደኛ ማርሽ ወረድን። ሞተሩ ያጓራል፣ ከኋላ የመጡ ካሚዮኖች ጥሩምባ ይነፉብናል። እትዬ የሺ ውዳሴ ማርያም በልባቸው ሲደግሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መብራቷ በበራች ቁጥር ድምፅ ይሆናል፣ ስትጠፋ ወደ ከንፈር ይመለሳል። ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ነው፣ ዘበኞቹ መሣሪያ ይዘው ያያሉ። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መቆም አስፈርቶኝ፣ አለመቆምም አስፈርቶኝ አያውቅም።

ደጀን ስንደርስ እጄ መሪውን አልለቅም አለ። ያደርንበት ቤት ባለቤት፣ አንዲት ሞላ ያሉ ሴት፣ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምተው የራሳቸውን ጋቢ አልጋዬ ላይ ጣሉልኝ። ከፍርሃት ነው ብዬ አላረምኳቸውም። ከጎናችን ክፍል ያደረ የካሚዮን ሹፌር የፍሬን ዘይት በብርጭቆ ሰጠኝ። ጨመርኩ፣ መብራቷ ጠፋች። «አየሽ» አልኳት። የዚያን ምሽት ትኋኑ እንኳ አልተሰማኝም።

ሁለተኛው ቀን፣ ቢቸና

ከደጀን ወደ ቢቸና መንገዱ ጠጠር ነው። ግራ ቀኙ ጤፍ ነው፣ አንዱ ታጭዷል፣ አንዱ ቆሟል። ናዝሬት ገበያ ላይ የጎጃም ጤፍ ነው እያሉ የሚሸጡልን ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ጎጃም ሞጆ ድረስ በደረሰ ነበር። ይህን ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። መብራቷ ጠፍታለች፣ እኔም ጉራዬ ተመልሶልኛል። ልጃቸው መኪና መንዳት ቢማር ምን ዓይነት ሹፌር ላደርገው እንደምችል እያወራሁላቸው ነበር።

ቢቸና ልንገባ ስንል መብራቷ በራች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መታጠፍ የለም። በራች፣ አልጠፋችም። ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ገባልኝ።

አሁን ይህን ልብ በሉ። የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን ነዶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ትናንት ሞልታችሁ ዛሬ ከጎደለ፣ የሆነ ቦታ ወጥቷል። እኔ ደጀን ላይ መብራቷ ስትጠፋ ያከምኩት ቦታ ያለ ይመስል ዳነች ብዬ ተኛሁ። ያጠፋሁት መብራቱን ነው፣ በሽታውን አይደለም።

ያረፍነው የእትዬ የሺ ባል ወንድም ቤት ነው። መሪጌታ ይባላሉ፣ የቅኔ መምህር ናቸው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳይቸኩሉ የሚናገሩ። እኔ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ መኪናዬ ስር ገባሁ። የኋላ ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል ርሷል፣ ወደሱ የሚሄደው ቀጭን ቧንቧ ተሰንጥቋል። ጠጠር ነው የመታው።

ከስር ስወጣ ሰፈሩ ተሰብስቧል፣ ሁሉም መድኃኒት ይዟል። አንዷ የኑግ ዘይት አመጣች። የሚበላ ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒ፣ ውስጡ ያለውን ላስቲክ፣ ያሳብጣል፣ ከዚያ ጭራሽ ይገትረዋል ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ አረቄ በጠርሙስ ይዞ መጣ።

«ይሄን ጨምርበት፣ አያ። ይሄ የማያቆመው የለም። እኔን ስንት ጊዜ መንገድ ላይ አቁሞኛል።»

ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ፤ ቢቸና ውስጥ የፍሬን ዘይት የለም። ደጀን የሚሄድ መኪና እስኪገኝ መጠበቅ ነው።

የመሪጌታ ባለቤት ውሃ አሙቀው እግሬን ሊያጥቡኝ ጎንበስ አሉ። ናዝሬት እንግዳ ሲመጣ ወንበር ነው የምንጠርግለት። ተዉኝ ብል፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፣ «ዝም በል፣ መንገደኛ ነህ» ብለው ቁርጭምጭሚቴን ያዙ። እራት ላይም አብልተውኝ ሲያበቁ ያልበላሁ ይመስል እንደገና ያጎርሱኛል።

መሪጌታ ስለ መብራቷ ጠየቁኝ።

«ስትበራ ነው የምትፈሩ ስትጠፋ?»

«ስትበራ ነው፣ መሪጌታ።»

«እኛ ቤተ ክርስቲያን መብራት ሲጠፋ ነው የምንደነግጠው። እናንተ ባለመኪኖች ግራ የገባችሁ ናችሁ።» ከዚያ ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእትዬ የሺ፣ «እታለም፣ አውቶቡስም ከመጣ ሰንብቷል። ልጆቹን ሊያጓጉዙ ወስደውታል ይባላል። ከሞጣ ዛሬ ወይ ነገ ያነሷቸዋል አሉ» አሏቸው።

እትዬ የሺ ሹራቡን ከጨርቁ ፈትተው እንደገና አጠፉት። እኔ ያለ ፍሬን ሱሃን መውረድ አይቻልም አልኩ። ሱሃ ከቢቸና ወጣ ብሎ ያለ ወንዝ ነው፣ ቁልቁለቱ የአባይ ታናሽ ወንድም ነው። ትክክለኛ ነገር ነው የተናገርኩት፤ ግን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ሦስተኛው ቀን፣ ሱሃና ሞጣ

ስነሳ እትዬ የሺ የሉም።

«ገና ሳይነጋ ወጣች» አሉ መሪጌታ። «በእግሯ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛለች።»

«ሞጣ በእግር?»

«ከለከልኳት። ካንተ አስበልጣ የምትሰማኝ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው፣ የባሰ አሳፈረኝ። ጓሮ ለቤት ምሰሶ ያስቆረጡት የባሕር ዛፍ ግንድ ነበራቸው። ጎረቤት ጠርተው አስወጡት፣ በወፍራም ገመድ ከመኪናዬ ኋላ አሰርነው። መኪናዋ ልሩጥ ስትል ግንዱ መሬት እየቧጨረ ይጎትታታል። ይህን ዘዴ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ቢቸና የሚኖር ሰው ሌላ ቢነግራችሁ አትመኑ።

ደረስኩባቸው። ጫማቸውን አሁንም በእጃቸው እንደያዙ ነው።

«ይግቡ።»

«ፍሬን አለው?»

«የለውም።»

ትንሽ አሰቡና ገቡ። «እንግዲያው ቀስ በል።»

ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ፣ አንድ እጄ መሪው ላይ፣ አንድ እጄ የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርጌ ጀመርኩት። ገደሉን ትቼ የተራራውን ጥግ ያዝኩ፤ የመጣው ቢመጣ ከእሱ ጋር እጋጫለሁ ብዬ ነው። ግንዱ ከኋላችን አቧራ እያስነሳ ይጮሃል። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትታለች፣ በርታ ታየኛለች። ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ማርሹ በራሱ ዘሎ ወጣ።

በቃ። መኪናዋ ቀለል አለች። የሞተሩ ድምፅ ጠፋና ንፋስ ብቻ ሰማሁ። የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥግ ሳብኩት፣ የላስቲክ ሽታ መጣ፣ አልቆመችም። መሪውን ወደ ተራራው ሰበርኩት። የፊት ጎማው አፈሩን ገመሰው፣ እትዬ የሺ ትከሻዬ ላይ ወደቁ፣ ግንዱ ዓለት መካከል ተሰንቅሮ ያዘን። ቆምን።

መቀለድ ፈልጌ ነበር። ቀልዱ አልመጣልኝም።

«ሞትን?» አሉ።

«አልሞትንም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ወርጄ ግንዱን አላቀቅኩ፣ ማርሹን አስገባሁ፣ እሳቸው እንዳይዘል ማርሹን በሁለት እጃቸው ይዘው የቀረውን ወረድን። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ግንዱ ዞረና በድልድዩ መከለያዎች መካከል ጋሬጣ ሆኖ ቀረ። ወደፊትም ወደኋላም የለም። ልፈታው ስወርድ ነው ከማዶ ቁልቁለት የወታደር ካሚዮኖች ሲመጡ ያየሁት። በላያቸው ሰው እንደ ማገዶ ቆሟል።

የመጀመሪያው ካሚዮን ፊት ለፊታችን ቆመ። አንድ መቶ አለቃ ወረደ፣ ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን አለው። ሁለት ወታደሮች መሣሪያቸውን አዘጋጅተው ከኋላው ቆሙ።

«ማን ነው መንገድ የዘጋው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ መቶ አለቃ። አልዘጋሁም፣ ተዘጋብኝ።»

«ግንድ አስረህ? ማን ላከህ?»

አሻጥር የምትለዋ ቃል እስክትወጣ ጠበቅኩ። በዚያ ዘመን ለአንዲት ቃል ሰው ይሄድ ነበር። እጄን ዘርግቼ ወደ ዳሽቦርዱ አሳየሁት፣ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ገባ፣ ቀይዋን መብራት አያት። ፍሬኑን ረገጠ፣ ፔዳሉ ወለሉን መታ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል።

«በዚህ ነው ይህን ቁልቁለት የወረድከው?»

«አዎ።»

«እብድ ነህ?»

እትዬ የሺ ከውስጥ ሆነው «አይደለም፣ ልጄ። ጎረቤቴ ነው» አሉ።

መቶ አለቃው ግንዱን አስቆረጠ፣ መኪናዬን በወታደር አስገፍቶ ከድልድዩ ማዶ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አስቆመ። የካሚዮኖቹ ሞተርም ግሎ ኖሮ ከወንዙ ውሃ ይቀዳ ጀመር። የካሚዮኑ ሹፌር፣ አንድ ወፍራም አስር አለቃ፣ በጣሳ የፍሬን ዘይት ይዞ መጣና መኪናዬ ስር ገባ። የተሰነጠቀውን ቧንቧ አጥፎ በመዶሻ ቀጥቅጦ ዘጋው።

«የቀሩትን የሦስቱን ጎማ የፍሬን አየር እናስወጣለታለን» አለ። «አንድ ሰው ፔዳል ይርገጥ።»

የፍሬን ቧንቧ ውስጥ የገባን አየር ማስወጣት ለብቻ አይሠራም። አንዱ ከስር ሆኖ ከጎማው ጀርባ ያለውን የፍሬን ብሎን ይፈታል፣ አንዱ ዘይት ይጨምራል፣ አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ርገጥ ሲሉት ረግጦ ይይዛል፣ ልቀቅ ሲሉት ይለቃል። መቶ አለቃው ወደ እትዬ የሺ አየ።

«እማማ ይርገጡ።»

እሳቸው አልሰሙትም። ዓይናቸው ሁለተኛው ካሚዮን ላይ ነው። እዚያ ላይ አንድ ረጅም ልጅ ከሌሎቹ በላይ ተንጠራርቶ ቆሟል። አፉን ከፍቷል፣ ግን አልጠራም። እሳቸውም አልጠሩም። ሁለቱም ከተጣሩ ይከለክሉናል ብለው ፈርተዋል።

«ጓድ መቶ አለቃ» አልኩ፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም፣ «ጠንካራ እግር ነው የሚያስፈልገው። ሞፈር የያዘ ሰው። ለምሳሌ ያ ረጅሙ።»

መቶ አለቃው ልጁን አየ። ከዚያ ሴትዮዋን አየ። ሁለቱም አንድ ግንባር ነው ያላቸው።

«እሱ ይውረድ» አለ።

ኮፈኑን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት፤ ከካሚዮኖቹ በኩል ውስጡ አይታይም። አንተነህ መሪው ጋ ገባ፣ እናቱ ከጎኑ ናቸው። እኔ ጣሳውን ይዤ ቆሜ በክፍተቱ እሰማለሁ።

«ከስተሃል።»

«አልከሳሁም፣ እማ።»

«ርገጥ» ይላል አስር አለቃው ከስር።

«ረገጥኩ።»

«ጫማው የማነው?»

«የአጎቴ ነው።»

«ይጠብሃል።»

«ልቀቅ።»

«ለቀቅኩ። እየሰፋ ይሄዳል አሉኝ፣ እማ።»

«እጅህን አምጣ፣ ላልብስህ።»

«ርገጥ። እግርህን እንዳታነሳ» አለ አስር አለቃው፣ ሹራብ መኖሩን አያውቅም።

ልጁ ፔዳሉን ረግጦ እንደያዘ አንዱን እጅ አስገቡለት፣ ከዚያ ሌላውን። አንገቱ ጋ ያዘውና ራሱን ሲያወጣ ፀጉሩ ቆመ። እሳቸው በመዳፋቸው አስተኙለት። ስለ በሬው ጠየቁት፣ ስለ አጎቱ ሳል ጠየቁት። እሱ ናዝሬት ይሞቃል ወይ አላቸው። በመሀሉ ሁሉ ርገጥ፣ ልቀቅ።

ቀይዋ መብራት ጠፋች። መቶ አለቃው መጥቶ በመስኮቱ አያት።

«ጠፍታለች። አለቀ።»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ መብራቷ የምታየው ዘይቱ መሙላቱን ብቻ ነው። ቧንቧው ውስጥ አየር ይኑር አይኑር አታውቅም። መብራት ጠፋ ብሎ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አለ፣ እኔ ደጀን ላይ እንደዚያ ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት።» ይህ እውነት ነው፣ ማንኛውንም ሹፌር ጠይቁ። «ገና አየር አለው።»

የመጨረሻው ጎማ ንጹሕ ዘይት እያፈሰሰ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ አስር አለቃውም ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር አለቀልኝ።

«አየር አለው» አለ አስር አለቃው።

እያንዳንዷ ርገጥ ዘይት ታስፈስሳለች። ጣሳው ሲጎድል ይታየኛል፤ መሬት ላይ የሚፈሰው የእኔ የመመለሻ ፍሬን ነው። ጨመርኩ። እንደገና ጨመርኩ። መቶ አለቃው ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሲጋራ አውጥቶ ለኮሰ።

«ይችን እስክጨርስ» አለና ወደ ወንዙ ሄደ። ሲጋራ እንደሱ ቀስ ብሎ የሚያጨስ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሲመለስ ልጁ ሳይጠሩት ወረደ። የእናቱን ጉልበት ሳመ።

«ሌሊት እንዳታወልቀው» አሉት።

«እሺ።»

ሌላ ነገር አልተባባሉም። ካሚዮኖቹ እኛ በወረድንበት በኩል አቧራ እያስነሱ ወጡ። አስር አለቃው ሲሰናበተኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የቀረው ዘይት ሞጣ ያደርስሃል። ከሞጣ ወዲያ ራስህ እወቅበት» አለኝ። እስከ ሞጣ በየጠመዝማዛው መብራቷ ብልጭ ስትል፣ እትዬ የሺ አንድም ጊዜ አላዩዋትም።

ሞጣ ቆንጆ ከተማ ናት ይባላል። እኔ አላየኋትም። ባለወፍጮው ቺንጋውን ተቀብሎ፣ የፍሬን ዘይት ከባሕር ዳር እስኪያስመጣልኝ ቤቱ እንዳርፍ ለመነኝ፤ የመልሱን መንገድ የምነግራችሁ ነገር የለም፣ ተመልሻለሁ። ያየሁት የአንተነህን አጎት ግቢ ነው። ገና ፀሐይ ሳለች ደረስን። እናቶች ተሰብስበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጆቻቸው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው የተወሰዱት። ሊሰናበቱ ሲሮጡ አልፈቀዱላቸውም። እትዬ የሺ መንገድ ላይ እንዳገኟቸው ሲሰሙ ሁሉም ተነሱ።

«የእኔን አየሽው? ቀይ ነው፣ ጥርሱ ፍንጭት ነው።»

«አይቼዋለሁ» አሉ እትዬ የሺ። «ከአንተነህ ጎን ነው። ደህና ነው።»

«የእኔስ? ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።»

«እሱም ከአንተነህ ጎን ነው።»

እትዬ የሺ ከልጃቸው ሌላ ማንንም አላዩም። ከጎናቸው ነበርኩ፣ አውቃለሁ። አንዲት ጠቆር ያለች፣ ደርበብ ያለች ሴት ግን አላመነችም፣ ወደኔ ዞረች።

«አንቱ ባለመኪናው፣ እውነት ነው?»

ናዝሬት እኔ ያወራሁትን ሰው ግማሹን ቀንሶ ነው የሚሰማኝ። ሞጣ ግን የሚያውቀኝ የለም።

«እውነት ነው» አልኳት። «የእርስዎ ልጅ እኮ ነው ወርዶ ፍሬኔን የረገጠልኝ።»

«ፍሬን? እሱ መኪና ነክቶ አያውቅም።»

«ጎበዝ ነው። ርገጥ ሲሉት ይረግጣል፣ ልቀቅ ሲሉት ይለቃል። አንዴም አልተሳሳተ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከኋላዋ የነበረችው ቀረብ አለች።

«የእኔስ?»

«እሱም ረግጧል።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዚያ ግቢ የወጡት እናቶች በሙሉ፣ ልጃቸው ሱሃ ላይ ፍሬኔን ረግጦ ነበር። እትዬ የሺ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ለቀጣይዋ ሴት ቦታ ለቀው ጠጋ አሉ።